የሰፈራችንን ኮብልስቶንና ዲች የተቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት፣ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ

ባህር ዳር ሽምብጥ በኩል የሰፈራችን ኮብልስቶንና የጎርፍ ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) ተሰርቶ ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገ አመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው፣ እኔ የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርኩ ከቁፋሮው ጀምሮ እስከ ርክክቡ አይቻለሁ። ስለ ኮንትራክተሩ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፣ እኔ መፃፍ የፈለኩት ግን ከተማው ስለቀጠረው ተቆጣጣሪ አማካሪ ነው፣ ምክንያቱም ሰዉ ተቆጣጣሪ ሲባል ሳምንት አንዴ በመኪና መጥቶ አይቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሌላ ሰፈር ኮሚቴ ሆናችሁ ስራ የምትከታተሉ ካላችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሁላችንም እናደንቃለን፣ 380 ሜትር ነው፣ ግንቦት 2016 ሲመረቅ አገር ምድሩ አይቶታል። የኛ መንገድ 420 ሜትር ነው፣ ማንም አላየውም፣ ግን እኛ በየቀኑ የምንረግጠው እሱን ነው፣ ስለዚህ ቁጥጥር ለትልቅ ስራ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

በጣም ካስደሰተኝ ልጀምር። ሬዚደንት ኢንጂነሩ፣ ማለትም አማካሪው ሳይት ላይ ያስቀመጠው መሀንዲስ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰአት ተኩል ላይ ሳይት ላይ ታገኙታላችሁ። ከተማችን እንደምታውቁት ሜዳ ናት፣ ዲች ላይ ዋናው ጣጣ ስሎፕ (ተዳፋቱ) ነው፣ የኛ 0.5 ፐርሰንት ነበር፣ በ100 ሜትር 50 ሳንቲም ብቻ መውረድ ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ ግንበኛ በአይኑ ለክቶ አያገኘውም፣ ስለዚህ ሰርቬየሩ በየ10 ሜትሩ ሌቭል (ከፍታ) እያነበበ ችካል ይተክላል፣ ልጁም ችካሉ ሳይታይ ግንብ አያስጀምርም። ግንቦት ላይ ስራው ሐይቁ ጋ መውጫው ላይ ሲደርስ ፎርማኑ ውሃው ያለበትን አይቶ የዲቹን መጨረሻ እዛው ዝቅ አድርጎ ሊያስገነባ ነበር፣ ልጁ አስቆመው። "መስከረም ላይ ሐይቁ የት ይደርሳል?" አለ። ማንም መልስ አልነበረውም። ከዛ ጎረቤታችን ጋሼ መጡ፣ እድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ወደ ላይ ራቅ ያለች ዛፍ አሳዩትና "ልጄ ታንኳችንን መስከረም ላይ የምናስረው እዚች ግንድ ላይ ነው" አሉት። ጣና ከግንቦት ሰኔ እስከ መስከረም ጥቅምት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ በጣም የሚሞላው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፣ እና መውጫው በግንቦቱ ልክ ቢሰራ ኖሮ ሐይቁ ራሱ ወደ ዲቹ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሁለት ቀን ስራ ቆሞ ከላይ ጀምሮ ሌቭሉ እንደገና ተያዘ፣ ሳይት ቡክ (የስራው መመዝገቢያ ደብተር) ላይም ተፃፈ፣ ኮንትራክተሩ ፈረመበት። እኔ ለዚች ሁለት ቀን ብቻ ብዬ እንኳን አመሰግነዋለሁ፣ ባለፈው ነሀሴና መስከረም ዲቹ ውሃ ሲያወርድ በአይኔ አይቻለሁ።

ኮንክሪት ላይም አልለቀቀም። የዲቹ ክዳን ሲ 25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ በሳጥን እየተሰፈረ አንድ ሲሚንቶ ሁለት አሸዋ ሶስት ጠጠር፣ ቀን ሰራተኞቹ ግን ለማገላበጥ እንዲቀላቸው ውሃ ይጨምሩበታል፣ እነሱን አልወቅስም ስራው ከባድ ነው፣ ኮንክሪቱ ግን ውሃ ሲበዛበት ይደክማል። አንድ ቀን የቀጠነ አይቶ ሙሉውን ሚክሰር አስደፋው። ኪዩብም (ለጥንካሬ ምርመራ የሚሞላ የኮንክሪት ናሙና) ይወሰድ ነበር፣ በ7ኛው ቀን እና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ይሰበራል፣ የ7ኛው ቀን ውጤት ከሚፈለገው ሁለት ሶስተኛ አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ምልክት ነው ብሎ አስረድቶኛል። ክዳኑንም ጆንያ አልብሰው 7 ቀን ውሃ አጠጡት። እናንተም ኮሚቴ ከሆናችሁ የኪዩብ ውጤት ወረቀቱን ጠይቁ፣ ኪዩቡ በተወሰደበት ቀን የትኛው ክፍል እንደተሞላ ካልተፃፈበት ምንም አይጠቅማችሁም።

አሁን ያዘንኩበትን ልናገር። ከመንገዱ መሀል ወደ ታች 60 ሜትር ያህል ቦታ ላይ ሲቆፈር ዋልካ ወጣ፣ ዲዛይኑ ላይ አልነበረም። ዋልካ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ኮብልስቶን ብታነጥፍ በአመቱ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ ጥሩ አፈር) መተካት ነው፣ በየ20 ሳንቲሙ እያጠጡ እየጠቀጠቁ 95 ፐርሰንት ኮምፓክሽን (ጥቅጥቅነት) እስኪደርስ። ልጁ በማግስቱ ለአማካሪው ዋና ቢሮ ደብዳቤ ፃፈ፣ ተጨማሪ ስራ ስለሆነ ቫሪየሽን (የስራ ለውጥ) መፅደቅ አለበት። ዋናው ቢሮ ደብዳቤውን 5 ሳምንት ያዘው። 5 ሳምንት! ሰኔ መጨረሻ ደረሰ ሐምሌ ገባ፣ ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ ዝናቡ ሞላው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለፈተና የሚሄዱት በጣውላ ላይ ተሻግረው ነበር፣ አንዲት እናታችን ግቢ ውሃ ገብቶ የአጥራቸው ግንብ ተሰነጠቀ። እትዬ ሲያለቅሱ አይቼ ቢሮው ድረስ ሄጃለሁ፣ "ሂደት ላይ ነው" ነው ያሉኝ። ከተማው ላይ ማፅደቂያው 4 ቀን ብቻ ነው የፈጀው፣ ቀኑን ከደብዳቤዎቹ ላይ አይቻለሁ፣ ስለዚህ የዘገየው አማካሪው ጋ ነው። ሳይት ላይ እንደዛ የሚጠነቀቅ ሰው አስቀምጠህ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ለኔ ይቅር የሚባል አይደለም።

ክፍያ ላይ አማካሪዎቹ ጥሩ ናቸው። ኮንትራክተሩ 90 ሳንቲም ቁፋሮ ብሎ ያመጣውን አብረው ወርደው ለክተው 70 አድርገው ቆርጠውታል። ግን እኛ ነዋሪዎች ከኪሳችን አዋጥተናል፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱን እንይ ስንል የአሰሪና የአማካሪ ጉዳይ ነው ተባልን፣ እውነት ነው ውሉ እንደዛ ይላል፣ ቢያንስ የተሰራውን መጠን አንድ ገፅ ቀበሌ ላይ ቢለጥፉ ማን ይጎዳል? የሰፈሩ ሃሜት ግማሹ በዚህ ይቆም ነበር።

ሳይት ላይ ለነበሩት ከ5 አምስት፣ ለዋናው ቢሮ ከ5 ሁለት።

የሰፈራችን ሰዎች ይሄን ካያችሁ፣ የመጨረሻው ርክክብ ጥቅምት ላይ ነው፣ ከየክፍያው የተያዘው 5 ፐርሰንት ሙሉ ለሙሉ የሚለቀቀው ያኔ ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ ኮንትራክተሩን ማግኘት ይከብዳል። ወፍጮ ቤቱ ፊት ያለው የተሰበረ ክዳንና ታች ጋ የሰጠሙት ድንጋዮች የሚጠገኑት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፣ ሌላ ያያችሁት ካለ በር ቁጥር ፅፋችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ስጡኝ፣ ከኢንጂነሩ ጋር አብረን እየዞርን እናስመዘግባለን።