ከአርባ በኋላ ወደ ስፖርት ለመመለስ፦ ጂም ወይስ መስቀል አደባባይ?

አርባን የተሻገሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው።

ወጪ፦ አደባባዩ ደህና ጫማ ብቻ ይፈልጋል። ጂም በየወሩ ይከፈልበታል።

አመቺነት፦ አደባባዩ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰው አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ልማድ ያቋርጣል። ጂም ክረምት ከበጋ አይልም።

ጉዳት፦ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከስፖርት ርቆ ለከረመ ሰው ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ጉልበትን ደግሞ ይበልጥ የሚፈትነው የአደባባዩን ደረጃ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። እኔ በ47 ዓመቴ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከወጣቶቹ እኩል ቁልቁል ስሮጥ ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት ቤት ዋልኩ። አሁን የደረጃውን ረድፍ ይዤ አግድም ከዳር እስከ ዳር በፈጣን እርምጃ እሄዳለሁ፤ ላቡ ያው ነው። ጂም ውስጥ የሚያሰጋው ከአቅም በላይ ክብደት አንሥቶ ወገብን መጉዳት ነው። አሠልጣኙ አቋቋምዎን የማያርም ከሆነ ሌላ ጂም ይፈልጉ።

ጥቅም፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። የመጀመሪያውን አደባባዩ ይሸፍናል፤ ለሁለተኛው ጂም ይቀላል። በዚህ ዕድሜ ጡንቻ እየሳሳ ስለሚሄድ ሁለተኛው አይናቅ።

ብቻውን ከአልጋ መነሣት ለሚያቅተው፣ የሰፈር ጓደኛ ካለው አደባባዩን እመርጥለታለሁ። ጉልበቱን ለሚያመውና ማታ ብቻ ጊዜ ላለው ጂም ይስማማዋል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት ግን ከሁለቱም በፊት ሐኪሙን ያማክር።