ላላስቸኮለችኝ የእጅ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን የምጽፈው በቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ሁለት መስመር ሳልጨርስ ስልኩን አስቀምጬ እጄን እያሸሁ እቀመጥ ነበር። ምስጋናው በዚሁ ጣት ቢጻፍ ደስ ይለኛል ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ መቀስ ይዣለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ አውራ ጣቴ ሥር፣ ከእጅ አንጓዬ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ቁልፍ ሳዞር ውግት ያደርገኛል። የጠርሙስ ክዳን መክፈት ቀረ። ቀጥሎ መቀሱ መጣ። ወፍራም ጨርቅ እየቆረጥኩ እጄ ይከዳኝና መቀሱ ዱብ ይላል። ያየኝ ሁሉ "ሪህ ነው" ይለኛል። እኔም ሪህ ነው እያልኩ ቅባት ስቀባ ከረምኩ።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አነሳና "ልም አጥንቱ አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል" አለኝ። እጄን አልነካም። ምን ሠርቼ እንደምኖር አልጠየቀም። አምስት ደቂቃም የቆየሁ አይመስለኝም። ስለ ራጁ አልተሳሳተም፣ እሱን ልመስክርለት። ግን ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት ፍርሃት ብቻ ነበር።

እጅ ላይ ብቻ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት እንዳለ የሰማሁት ከደንበኛዬ ነው። ሄድኩ። ስሟን አልጽፍም፣ "ስሜን እንዳያወጡት" ብላኛለች። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ጣት በጣት ዳሰሰቻቸው። የአውራ ጣቴን ሥር ይዛ ገፋ፣ ዞር አደረገችው። ጮህኩ። "እሺ፣ እሱ ነው" አለች። ከዚያ ጥያቄው መጣ። "ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ ተሳስረው ስንት ሰዓት ይቆያሉ?" ከግማሽ ሰዓት በታች ነው አልኳት። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ቢሆን፣ መገጣጠሚያዎቹም ቢያብጡና ቢግሉ፣ ነገሩ ሩማቶይድ ሊሆን ይችላል አለችኝ። እሱ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ነው፣ ቶሎ መድኃኒት መጀመር ይፈልጋል። ለማንኛውም ብላ የደም ምርመራ አስደረገችኝ። የእኔው የልም አጥንቱ መበላት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የነገረችኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። መርፌ ቆንጥጠን ስንይዝ ጣታችን ጫፍ ላይ ያለው ጫና ሥሩ ጋ ሲደርስ ወደ 12 እጥፍ ያድጋል። ጫፉ ላይ 1 ኪሎ ከሆነ ሥሩ 12 ኪሎ ይሸከማል። እኔ በቀን ስንቴ እንደምቆነጥጥ ልቆጥር ሞከርኩና ተውኩት።

"ኦፕራሲዮን ልሁን አልሁን?" ብዬ ስጠይቃት ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቀለችልኝ። "የትኛው የባሰ ይመስልዎታል?" ግራው ብሶ ይታያል። ግራ እጄ ግን እምብዛም አያስቸግረኝም። "ራጅ ሕመምን አያሳይም" አለች። "እኔ ማወቅ የምፈልገው ምን መሥራት እንዳቃተዎት ነው።" ደብተር ግዢ ተባልኩ፤ ማለቴ ይግዙ ተባልኩ፣ እሷ አንቺ ብላኝ አታውቅም።

3 ወር ጻፍኩ። "ማክሰኞ፣ መቀስ ሁለቴ ወደቀ። ሐሙስ፣ የልጅ ልጄን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ዓርብ ሌሊት፣ ቀኙ ቀሰቀሰኝ።" እስከዚያው ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የአውራ ጣቴን ሥር ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ በልኬ ሠራችልኝ። ጣቱን የሚደግፉትን ጡንቻዎች እንዴት እንደማጠነክር አሳየችኝ። የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለን አወፈርነው፣ ለረጅም ቅድ ደግሞ ተሽከርካሪ ምላጭ ያለው መቁረጫ ገዛሁ። ሕመምና ብግነት የሚያስታግስ የስቴሮይድ መርፌም ተወጋሁ። የተወሰኑ ሳምንታት እፎይ አልኩና ተመለሰ።

ቢቆይ ይበላሽብኛል ብዬ ስፈራ "ይህ የሚያጣድፍ ኦፕራሲዮን አይደለም" ትለኝ ነበር። ጥቂት ወር መሞከር በሩን አይዘጋውም። በኦፕራሲዮን የወጣ አጥንት ግን ተመልሶ አይገባም።

ኦፕራሲዮኑንም ያስረዳችኝ እሷው ናት። አንዱ መንገድ ሥሩ ላይ ያለችውን ትራፒዚየም የምትባል ትንሽ አጥንት አውጥቶ መጣል ነው። ቦታው በጠባሳ ሥጋ ይሞላል። አንዳንድ ሐኪሞች ጅማት ጠቅልለው ይጨምሩበታል፣ ግን አጥንቷን ብቻ ከማውጣት እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ሌላው መገጣጠሚያውን አጣብቆ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ጠንካራ ይሆናል፣ ነገር ግን መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጥፎ አይተኛም። እዚህ ጋ አስቆምኳት። እኔ ጨርቅ የምዘረጋው በመዳፌ ነው! አርቴፊሻል መገጣጠሚያም አለ፣ ከጊዜ በኋላ ሊላላ ይችላል።

ከዚያ ደስ የማይለውን ነገረችኝ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጀሶ ወይም በማሰሪያ ታስሮ መቀመጥ። የመቆንጠጥ አቅም የሚመለሰው በወራት ነው፣ አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል። ኢንፌክሽን አለ። የአውራ ጣትን ጀርባ የሚያሰማ ነርቭ ሊነካ ይችላል። "የሚቀንሰው ሕመሙ ነው፣ የድሮውን እጅ አይመልስልዎትም" አለች። ማን ፀጉሬን እንደሚያበጥርልኝ፣ የትኛው ወር ሥራ እንደሚቀዘቅዝልኝ ሳይቀር ጠየቀች። አድርጊም አታድርጊም ግን አላለችኝም። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፣ አልዋሽም።

3 ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን አብረን አነበብን። ግራ እጄ በማሰሪያው ዝም ብሏል። ቀኙ ግን ሌሊት ሳይቀር ያመኛል። መልሱን ራሴ ነገርኳት።

ቀኙን ተሠራሁ። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፣ ብዙውን ጊዜ እጅ ብቻ የሚሠሩ ሰው ናቸው፣ ጥያቄዬን ሁሉ ሳይሰለቹ መለሱልኝ። (ስፌታቸውን በባለሙያ ዓይን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።) በአምስተኛው ሳምንት አለቀስኩ። ምነው ባልነካሁት አልኩ። እሷ ግን አስቀድማ "አንድ ቀን ይቆጭዎታል፣ ያን ቀን ይደውሉልኝ" ብላኝ ስለነበር ደወልኩ። አሁን እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ሌሊት እተኛለሁ። የጠርሙስ ክዳን ዛሬም ለልጄ ነው የምሰጠው። አውራ ጣቴ ጀርባ ላይ የቁልፍ ያህል ቦታ ደንዝዟል።

እጃችሁን አሟችሁ ለመወሰን የተቸገራችሁ ካላችሁ፣ ቢላ ያነሣውን ከመስማታችሁ በፊት የእጅ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ። የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ ለመሥራት የሚያግዙ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችም ይህንኑ ይሠራሉ። እጃችሁን የሚነካ፣ ሥራችሁን የሚጠይቅ ይሁን። ወደ ሐኪም ስትሄዱም ይህን ኦፕራሲዮን ስንቴ እንደሠሩ ጠይቁ፣ አያፍሩበትም። ባላደርገውስ ምን ይሆናል ብላችሁም ጠይቁ።

አንቺ ልጄ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ለግራ እጄም ደብተር ከፍቻለሁ። ገና ሦስት ገጽ ነው።