«ካምቢዮሽ ደህና ነው» ያለኝ መካኒክ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ግን ያንቀኛል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ በፈረንጅ 2008 ሞዴል፣ አንድ ሺህ ሲሲ። እቁብ ሲደርሰኝ ከነበረችኝ ጥሪት ጋር ደምሬ ነው የገዛኋት። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መግዛት በአስተማሪ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። እናቴን ለክትትል ሆስፒታል የማመላልሳት በሷ ነው። ጉልበቷ ታክሲ አያሳፍራትም።

ነገሩ የተጀመረው ከተራ ዘይት ቅየራ ነው። አንድ ጋራዥ «የካምቢዮም ዘይት ልቀይርልሽ?» አለኝ፤ የማርሹን ሳጥን ማለቱ ነው። ቀይር አልኩ። ዘይቱ ለዚች መኪና ይሆናል ወይ ብዬም ጠይቄ ነበር። «አውቶማቲክ አውቶማቲክ ነው፣ ዘይቱ አንድ ነው» ብሎኝ እርፍ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናዬ ከቆመችበት ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ከነጭራሹ ዳገት መሃል ቀረች። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ። እናቴ ዳዊቷን አውጥታ ትደግማለች፣ እኔ አለቅሳለሁ።

ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳን አላየም። «ካምቢዮው ሞቷል፣ ይቀየር» አለ። የጠራው ገንዘብ የዓመት ደሞዜን ያስከነዳል። ጥያቄ ስጠይቀው መልሱን የሚነግረው አብሮኝ ለሄደው ለታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም! ሦስተኛው ደግሞ የባሰ። «ባልሽን ጥሪውና ከሱ ጋር እንነጋገር» አለኝ። ሦስት ሳምንት አስቀምጧት ስወስዳት ቤንዚኑ አልቋል፣ ስኮርታ ጎማዬ የለም፣ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው። ስም አልጠራም። እግዚአብሔር ይይላቸው።

ሲመረኝ ለመሸጥ ወሰንኩ። ያኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ አዲስ አበባ ጎፋ አካባቢ ያለ አንድ መካኒክ ልጅ የጠቆመችኝ። ግቢው ጠባብ ነው። ሦስት መኪና ከገባ አራተኛው አስፋልት ላይ ነው የሚቆመው። አይታችሁ እንዳትንቁት።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ወንበር ማምጣት ነው። ከዚያ እኔን እያየ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ ዘይቱን መጨረሻ የቀየረው ማን ነው? ምን ዓይነት ዘይት ነበር?» ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከስር ገብቶ ትንሽ አፈሰሰና በጣቶቹ መሃል አሸው፣ አሸተተው። ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ካምቢዮሽ ደህና ነው። የማይሆን ዘይት ነው ያጠጧት» አለኝ።

አላመንኩትም መሰለኝ ፊቴን አይቶ ከደረሰኞቹ ጥቅል ላይ ላስቲክ ፈታ። በሁለት ጣቶቹ ወጠረው። ይቺ መኪና እንደ ሌላው አውቶማቲክ ማርሽ በማርሽ አትቀይርም አለኝ። ሁለት ፑሌጃና አንድ የብረት ቺንጋ ነው ያላት፤ ጣቶቹ ፑሌጃዎቹ፣ ላስቲኩ ቺንጋው መሆናቸው ነው። ፑሌጃዎቹ እየሰፉና እየጠበቡ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። ሲቪቲ የሚሉት እሱን ነው። ቺንጋው ፑሌጃውን ቆንጥጦ እንዲይዝ የሚያደርገው የራሱ የሲቪቲ ዘይት ነው፤ የሌላ አውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ ስለ ግፊት ምናምን የነገረኝ አልገባኝም። ላስቲኩ ግን ገብቶኛል።

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ቪትዝና ያሪስ መልካቸው አንድ ስለሆነ ካምቢዮአቸውም አንድ ይመስለናል። አይደለም። የጃፓኗ ቪትዝ፣ በፈረንጅ ከ2005 ወዲህ ያለችው፣ አውቶማቲክ ከሆነች በአብዛኛው ሲቪቲ ናት። በኔዋ ዘመን ለዓረብ አገር የተሠራችው አውቶማቲክ ያሪስ ግን አራት ማርሽ ያለው የድሮው ዓይነት ነው ያላት። የባልደረባዬ ዲዛየር ደግሞ ከህንድ የመጣች አውቶማቲክ ናት፤ እሷ ጭራሽ ማንዋል ካምቢዮ ሆና ፍሪሲዮኑን ማሽን የሚረግጥላት ናት። ሦስቱም «አውቶማቲክ» ይባላሉ። እንግዲህ «ዘይቱ አንድ ነው» ያለኝን ሰውዬ አስቡት! አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የአክስቴ ልጅ ይህን ብነግረው «የኔም ኮሮላ ሲቪቲ ናት እኮ» አለኝ። ስምንት ዓመት ሲነዳት አንድም ቀን አልነገረኝም።

ልጁ ዘይቱን ቀየረው። ጣሳውን ከመክፈቱ በፊት አምጥቶ ሲቪቲ የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ። አሮጌው በአንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ስለማይወጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መድገም እንዳለብኝም ነገረኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። «ዳገት ላይ ሳናያት አልሰጥሽም» ብሎ አብሮኝ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጣ። ቁልፉን ልሰጠው ስል እምቢ አለ። «አንቺ ንጂ። መኪናዋን የምታውቂያት አንቺ ነሽ፣ ድምጿ ሲለወጥ ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ» አለኝ። ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመርን። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋ ግን አልተንቀጠቀጠችም። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ሲጮህ ደንግጬ አየሁት። «ይሄ ጤናዋ ነው፣ ሲቪቲ እንዲህ ነው የሚጮኸው» ብሎ ሳቀ። አባቴ ነፍሱን ይማርና በቮልሱ መንዳት ያስተማረኝ እዚያው ዳገት ላይ ነው። እሱም እንደዚህ ነበር፤ ጎኔ ቁጭ ብሎ መሪውን አይነካብኝም። ትንሽ አለቀስኩ። ልጁም አይቶ እንዳላየ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ያስከፈለኝ የዘይቱንና የእጁን ብቻ ነው። ጨምሬ ስሰጠው መለሰልኝ። «ካምቢዮ እቀይራለሁ» ብሎ ሊበላኝ ይችል ነበር እኮ! አምነው ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችለት። ዳቦውን አልመለሰም።

እባካችሁ ቪትዝ ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ እዚህ ልጅ ጋ ሂዱ። «ካምቢዮው ሞቷል» የተባላችሁ ደግሞ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሱ ይያት። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ያፍራል። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ቅዳሜ ከሆነ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ላይም ቦታ አይገኝም።