የልብ ስቴንት ሲመዘን፦ የት ሕይወት ያተርፋል፣ የት ውጋት ብቻ ያስታግሳል

ስቴንት የጠበበ ወይም የተዘጋ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ ለመያዝ ውስጡ የሚተከል ትንሽ ዕቃ ነው። አንድ ዓይነት ስቴንት ለሁለት ሰዎች ቢገባ ጥቅሙ አንድ ላይሆን ይችላል። ሃርት አታክ ይዞት በድንገት ለመጣ ሰው ሕይወት ያተርፋል። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚወጋው፣ አረፍ ሲል የሚተወው ሰው ግን የሚያገኘው የውጋት እፎይታ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርለት በጥናት አልታየም። ብዙው ቅሬታ የሚነሣው ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ጥቅም ጠብቆ ሲገባ ነው። ስለዚህ ነጥባችንም ሁለት ነው፦ ለመጀመሪያው ሥራ ከ5 5፣ ለሁለተኛው ከ5 3፤ እሱም መድኃኒት በወጉ ከተሞከረ በኋላ ከሆነ።

ዕቃው ከኮባልትና ክሮሚየም ወይም ከፕላቲነምና ክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ቱቦ መሰል መረብ ነው። ስፋቱ ባብዛኛው ከ2.25 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ነው። የመረቡ ሽቦ በዛሬዎቹ ስቴንቶች 80 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራል፤ የፀጉር ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ባለመድኃኒት ስቴንት፣ ሳይፈር፣ 140 ማይክሮን ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ወፍራም ሽቦ የደሙን ፍሰት ያውካል፣ የቧንቧው የውስጥ ሽፋንም ቶሎ አያለብሰውም፤ ያልለበሰ ብረት ላይ ደግሞ ደም ይረጋል።

ሽቦው ላይ የተቀባው መድኃኒት ኤቨሮሊመስ፣ ዞታሮሊመስ ወይም ሲሮሊመስ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቅና በስቴንቱ ውስጥ ጠባሳ እንዳይበዛ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተሙት በቤኔስቴንትና በስትሬስ ጥናቶች፣ መድኃኒት የሌለው ባዶ ብረት ከገባላቸው ሰዎች 22 እና 32 በመቶ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ቧንቧቸው መልሶ ጠብቧል። ያን ያህል የበዛውን ችግር መድኃኒቱ ብዙ ቀንሶታል። ጨርሶ ግን አላጠፋውም፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም ከስቴንቱ ጋር የተያያዘ ችግር በየዓመቱ ከመቶ ሰው ሁለት ገደማ ላይ ይከሰታል።

ሃርት አታክ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ቧንቧው ተዘግቶ የልብ ጡንቻ እየሞተ ነውና ቶሎ መክፈት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዳናሚ 2 የተባለው የዴንማርክ ጥናት 1,572 ሰዎችን አነጻጽሮ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱ፣ ዳግም ሃርት አታክ የያዛቸው ወይም ስትሮክ የመታቸው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ከተሰጣቸው 13.7 በመቶ፣ ቧንቧቸው በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከተከፈተላቸው 8.0 በመቶ ሆነዋል። ይህ የሚሠራው ግን ሰዓቱ ከተጠበቀ ነው። ሕሙሙ ካት ላብ (ቧንቧው በካቴተር የሚከፈትበት ክፍል) ያለበት ሆስፒታል በር ከደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧው መከፈት አለበት። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሃርት አታኩን ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ ከ120 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ፣ የሚያሟሟውን መድኃኒት መጀመሪያ ወስዶ ከዚያ ወደ ካት ላብ መሄድ ይሻላል። ሩቅ ያለውን ምርጥ ካት ላብ እየጠበቁ መድኃኒቱን ማዘግየት ትልቅ ስሕተት ነው። በዚያው ቀን ሌሎች የጠበቡ ቧንቧዎች ከተገኙ እነሱንም በቀጠሮ መክፈት ይጠቅማል፤ 4,041 ሰዎች ባሳተፈው ኮምፕሊት ጥናት፣ በልብ ሕመም ሞት ወይም አዲስ ሃርት አታክ ከ10.5 ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል።

አከራካሪው ሌላው ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ለወራት ያልተባባሰ የደረት ሕመም ያለበት ሰው አንጂዮግራም (የልብ ቧንቧ ራጅ) ተነሥቶ «70 በመቶ ጠብቧል» ሲባል የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፦ ይከፈትና ልገላገል። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ጥናቶቹ ግን አልደገፉትም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ከሬጅ የተባለ ጥናት 2,287 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ አንዱ ቡድን በቂ መድኃኒት ብቻ፣ ሌላው መድኃኒትና ስቴንት አገኘ። በ4.6 ዓመት ክትትል የሞቱ ወይም ሃርት አታክ የያዛቸው፣ ስቴንት ካላቸው 19.0 በመቶ፣ ከሌላቸው 18.5 በመቶ ነበሩ። ተቺዎች «የያኔው ስቴንት ባብዛኛው ባዶ ብረት ነበር» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው እስኪሚያ ግን አዲሱን ዕቃ ይዞ፣ በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን አሳትፎ መጣ። ስቴንት ወይም ባይፓስ (ደሙን ጠባቡን ቦታ አልፎ በሌላ ቧንቧ የሚያሻግር ቀዶ ሕክምና) በታሰበለት ቡድን 145፣ በመድኃኒት በጀመረው ቡድን 144 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት እንዲያውም ችግር የበዛው በሂደቱ ምክንያት ጣልቃ በተገባባቸው ላይ ነበር፤ 5.3 በመቶ ለ3.4። በ5 ዓመት 16.4 ለ18.2 ሆኖ ተገለበጠ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ስቴንት የሚጠግነው አንዲት ጠባብ ቦታን ነው፤ የስብ ክምችቱ ግን በቧንቧዎቹ ሁሉ ተሠራጭቷል። ሃርት አታክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጣም ከጠበበው ቦታ ሳይሆን፣ መጠነኛ ሆኖ ሳለ ቅርፊቱ ከሚቀደድ ክምችት ነው። ያንን የሚያረጋጉት ስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት)፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ሲጋራ ማቆም ናቸው። ስቴንት ገብቶለት ስታቲኑን የተወ ሰው፣ ሳይታከም የቀረው የቧንቧው ክፍል ከታከመው እጅግ ይበልጣል።

የእስኪሚያን ውጤት ለሁሉም ሰው ማዋል ግን አይገባም። ዋናው የግራ ቧንቧ ግንድ በግማሽና ከዚያ በላይ የጠበበባቸው፣ የልብ ጡንቻቸው በጣም የደከመ፣ በቅርቡ ሃርት አታክ የያዛቸው ወይም ውጋቱ ከአቅም በላይ የሆነባቸው ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ለእነዚህ ስሌቱ ሌላ ነው።

ታዲያ ውጋቱንስ በእውነት ያስታግሳል? ይህን ለመለየት የተደረጉት ሁለቱ ኦርቢታ ጥናቶች ብልሃታቸው የሚያስደንቅ ነው። ግማሹ ሕሙም ካቴተር ገብቶለት፣ ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ተደርጎለት፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ ስቴንት ሳይገባለት ወጣ፤ ገባ አልገባ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ ጥናት 200 ሰዎች አስቀድመው መድኃኒታቸው በደንብ ተስተካክሎላቸው ነበር፤ ስቴንቱ በሩጫ መሣሪያ ላይ የጨመረላቸው ጊዜ 16.6 ሴኮንድ ብቻ ስለነበር፣ ከአጋጣሚ ሊለይ አልቻለም። በ2023ቱ ግን 301 ሰዎች የውጋት ማስታገሻ መድኃኒታቸውን አቁመው ገቡ። ያኔ ስቴንቱ ለየ፦ በ12 ሳምንት መጨረሻ ውጋት ጨርሶ የተዋቸው 40 በመቶ፣ በማስመሰሉ ቡድን 15 በመቶ። ከአስር ስድስቱን ስቴንት ገብቶላቸውም ውጋቱ ጨርሶ አልተዋቸውም ማለት ነው። መድኃኒቱ የማይስማማው ወይም መዋጥ የማይሻ ሰው በቂ ምክንያት አለው። ሁሉን ነገር ይፈታልኛል ብሎ የሚገባ ግን ያዝናል።

ቧንቧ በዓይን ሲታይ የጠበበ ቢመስልም የደም ፍሰቱን ላይቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈት በፊት በቀጭን ሽቦ የግፊት ልኬት ይጠየቅ፤ ከጠበበው ቦታ በኋላ ያለው ግፊት ከፊቱ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ0.80 በላይ ከሆነ ስቴንት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ፌም 1,005 ሰዎችን ይዞ፣ በልኬት የተመሩት በአንድ ዓመት 13.2 በመቶ፣ በዓይን ብቻ የተመሩት 18.3 በመቶ ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። በልኬት የተመሩት የተከሉት ስቴንትም ያነሰ ነበር።

አተካከሉ ከዕቃው ብራንድ ይበልጣል፤ በዛሬዎቹ ታዋቂ ስቴንቶች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስቴንቱ በሚገባ ሳይከፈት ሲቀር ነው። ካልሲየም ያደነደነው ቧንቧ ላይ ስቴንቱ አስቀድሞ ሳይዘጋጅለት ከተገፋ፣ በ16 አትሞስፌር ግፊት እንኳ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ ጠባብ ስቴንት ደግሞ ይዘጋል። ጠንቃቃ ሐኪም በመጀመሪያ ቧንቧውን በፊኛ፣ ሲደነድን በሚፈጭ ቡር (በትንሽ መሰርሰሪያ) ወይም በድምፅ ሞገድ ያላላል፤ ከተከለ በኋላም በማይለጠጥ ጠንካራ ፊኛ ደግሞ ያሰፋል። በቧንቧው ውስጥ በሚገባ አልትራሳውንድ ወይም የብርሃን ምስል ማየት ቅንጦት አይደለም። ውስብስብ ጠባብ ቦታ የነበራቸውን 1,639 ኮሪያውያን የተከታተለው ጥናት፣ በምስል የተመሩት 7.7 በመቶ፣ በአንጂዮግራም ብቻ የተመሩት 12.3 በመቶ ከባድ ችግር እንዳገኛቸው ዘግቧል። መግቢያው የእጅ አንጓ ቢሆን ከብሽሽት ይልቅ ደም መፍሰስ ይቀንሳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቧንቧው በራጅ እንዲታይ የሚሰጠው የንፅፅር ፈሳሽ መጠን እንዲቀነስለትና ቀድሞ ፈሳሽ እንዲሰጠው ይንገር።

ስኳር ኖሮባቸው ብዙ ቧንቧ የጠበበባቸው ሰዎች ባይፓስን በቁም ነገር ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፍሪደም በ1,900 ስኳር ሕሙማን ላይ በ5 ዓመት የሞቱት በስቴንት 16.3፣ በባይፓስ 10.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስትሮክ ግን በባይፓስ በዛ፤ 5.2 ለ2.4።

ስቴንቱ ከገባ በኋላ ውጤቱ የሚወሰነው ደም እንዳይረጋ በሚያግዱት ክኒኖች ነው። አስፕሪን በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ዕድሜ ልክ ሊቀጥል ይችላል። ከእሱ ጋር የሚሄደው ሁለተኛ ክኒን ከሃርት አታክ በኋላ ብዙውን ጊዜ 12 ወር፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ብቻ ለሚመጣ፣ ላልተባባሰ ሕመም 6 ወር ነው። የደም መፍሰስ ስጋቱ የከበደ ሰው በሐኪም ውሳኔ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ማስተር ዳፕት የተባለው ጥናት አንድ ወር ብቻ የወሰዱት ደም መፍሰሳቸው ከ9.4 ወደ 6.5 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን በዚህ ዕቃ ላይ የሚፈጸም ከባዱ ጥፋት ነው፤ ስቴንቱ በረጋ ደም በድንገት ሲዘጋ ከፍተኛው መንስኤ ያ ነው።

ሁለተኛው ክኒን ከሦስት አንዱ ነው። ክሎፒዶግሬል በቀን 75 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ኦሜፕራዞል አቅሙን ስለሚቀንስበት ለጨጓራ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። ቲካግሬሎር 90 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ አንዳንዱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ያስደነግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ አደጋ የለውም፣ ቢሆንም ሳይነግሩ ማቆም አይገባም። ፕራሱግሬል 10 ሚሊ ግራም ሲሆን ቀድሞ ስትሮክ ለያዘው ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። ጥርስ ለማስነቀል ክኒኖቹን ማቆም ባብዛኛው አያስፈልግም፤ ለቀዶ ሕክምና ግን የልብ ሐኪም ሳይጠየቅ አይነኩ፤ ቀጠሮው የሚዘገይ ከሆነ እስከ 6 ወር ማቆየት ይመረጣል።

ቀልጦ የሚጠፋ ስቴንት ደግሞ ብዙ ተወርቶለት ነበር። አብሶርብ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በ2017 ከገበያ ወጣ። ሽቦው 150 ማይክሮን ገደማ ስለነበር በ3 ዓመት የደም መርጋቱ 2.3 በመቶ ደረሰ፤ በብረቱ 0.7 ነበር። ቀጭን ሽቦ ለምን እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከካት ላብ ሲወጡ የሚሰጠውን ካርድ ይያዙ፤ የስቴንቱ ስም፣ ስፋትና ርዝመት፣ የገባበት ቧንቧና ቀን ተጽፎበት መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ። ኤምአርአይ የሚያነሣ ባለሙያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ የዛሬዎቹ ስቴንቶች በ1.5ም ሆነ በ3 ቴስላ ማሽን፣ በገቡበት ሳምንትም ቢሆን፣ ባምራቹ መመሪያ መሠረት ይፈቀዳሉ።