የቶነር መርፌና የክሊኒኩ ወረቀት

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። እዚሁ ጎንደር ነው ያለው፤ ስሙን ግን አልጠራም። ሐኪሙ ራሱ ነው የለመነኝ። «እታለም፣ ስሜን ከጻፍሽው የከተማው ውሻ ሁሉ በዱቤ ይመጣብኛል» አለኝ። እኔም የማማርርበት ነገር ስላለኝ እንዲሁ ይሻላል። የጨነቀው ሰው ጠይቆ ያገኘዋል።

ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቶነር በራችን ላይ የምትውል ውሻ ናት። እንደ ኮፒ ማሽኑ ቀለም፣ እንደ ቶነሩ ጥቁር ስለሆነች አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው ስሙን ያወጣላት። የማንም አይደለችም፤ ማታ ግን ቤቱን የምትጠብቅልን እሷ ናት። ሰኔ ላይ ከኋላዋ ደም ማንጠባጠብ ጀመረች። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ ነው ብለን ተውናት። ወር አለፈ፣ ደሙ አልቆመም። የተኛችበትን በበረኪና ማጠብ ሰለቸን። አንድ ቀን ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «አበባ ጎመን የመሰለ ነገር አብቅላለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አበባ ጎመን በልቼ አላውቅም።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው፣ ሁለት ክፍል። ረዳቱ ቶነርን አቅፎ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ከዚያ ብቻውን ወጣ፤ ተቀንሶ 17 ኪሎ ሆነች። አፏን በፋሻ አሰሯት። ሐኪሙ ካበቀለችው ላይ ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ አየና ካንሰር ነው አለኝ። በውሾች ግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ነው። የሚገርመው፣ የሚተላለፈው ቫይረስ ምናምን አይደለም፤ ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ሲገናኙ፣ ሲላላሱ፣ ሲተሻሸቱ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከሺህ ዓመታት በፊት ከኖረ አንድ እንስሳ የተነሳ ነው፤ ያ እንስሳ ሞቶ ካንሰሩ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ሰው ላይ አይጋባም። ይህቺን ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኩት።

ደግነቱ ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባል የሰው ካንሰር መድኃኒት አለ፤ በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ ይበቃል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ደም ተመርምሮ ነጭ የደም ሕዋሷ መቆጠር አለበት። ስንት ይፈጃል ስለው «እስቲ እናያለን» አላለኝም። ወረቀት አወጣ። ካርድ፣ የደም ምርመራ በእያንዳንዱ ሳምንት፣ መድኃኒት፣ ጓንትና ስሪንጅ፣ የመርፌ አገልግሎት፣ ሲያልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ለየብቻ ዋጋቸውን ጽፎ፣ ደምሮ፣ ማኅተም መታበት። ወደ 11,000 ብር።

የክሊኒኩ ትልቁ ነገሩ ይቺ ወረቀት ናት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወደ ክሊኒኩ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጊዜ መዋጮ ሞክሬ ነበር። የቶነርን ፎቶ ከነደሟ ትልቅ አድርጌ አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሥሩ ካርቶን አስቀመጥኩ። ሰው ፊቱን አዙሮ አለፈ። ፈተና ሊያባዛ የመጣ አንድ መምህር ጭራሽ «ይህን ካላነሳሽ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ» አለኝ። በሦስት ቀን የተገኘው 85 ብር ነው። ለካ ደም ያስፈራል እንጂ ኪስ አይከፍትም።

አሁን የሐኪሙን ወረቀት አጉልቼ ኮፒ አደረግኩና በፎቶው ቦታ ለጠፍኩት። ከጎኑ ቶነር ደህና ሳለች በር ላይ ተጋድማ የሚያሳይ ፎቶ። ሰው ማንበብ ጀመረ። ዋጋ ሲያይ ይከራከራል፤ ሲከራከር ይቆማል፤ ሲቆም ያዋጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አምስትም አሥርም ብር ጣሉ። አንዲት ደንበኛዬ «የሁለተኛው ሳምንት ደም ምርመራ የእኔ ነው» ብላ መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ስሟን ጻፈች። ከዚያማ ሌሎቹም መስመር መረጡ። ጓንትና ስሪንጁን ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወሰደ። በቴሌብር የላኩም አሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ገንዘብ የለኝም፣ ግን አመላልሳታለሁ አለ፤ ቃሉን አላጠፈም።

የተቆጣም አለ። አንዲት እናት ወረቀቱን አንብበው «ስንት ሰው መታከሚያ አጥቶ ተኝቶ እያለ ለውሻ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ወንበር ሰጠኋቸው። በማግስቱ በፌስታል አጥንት ይዘው መጡ። ብር ግን አልሰጡም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ለእያንዳንዱ ሳምንት ክሊኒኩ ደረሰኝ ቆረጠልን። ያንኑ ዕለት በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ያለ ደረሰኝ እንቅልፍ የለውም። ሌላ ቦታ በቃል ብቻ «ይህን ያህል ሆነ» ተብዬ ስለማውቅ ለእኔ ይህ ብቻውን አምስት ኮከብ ነው።

አሁን ወደ ምሬቱ። መድኃኒቱን ክሊኒኩ አይዝም። ማዘዣ ይሰጣችኋል፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር የእናንተ ነው። አንዷ ፋርማሲስት «የታካሚው ዕድሜ?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ ውሻ ናት ስላት ደግሞ ልትስቅ ነው ልትቆጣ እንጃ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ እኔ በአፈ ሰፊ ፔርሙስ ነው ያመላለስኩት፤ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በረዶው እንዳይነካው አድርጌ። እንዳይሞቅ ብቻ አይደለም የምንጠነቀቀው፤ በረዶ ከሠራም ይበላሻል።

መጠበቂያውም ጥሩ አይደለም። በሐምሌ ዝናብ ከበግና ከበቅሎ ጋር በረንዳ ላይ ትቆማላችሁ። ረዳቱ ልጅ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ቶነርን በአንገቷ ሊጎትታት ሲል ተጣልተናል።

በሦስተኛው ሳምንት ደሟን መርምረው ነጭ ሕዋሱ ወርዷል፣ መርፌ አይሰጣትም ብለው መለሱን። በጣም ተናደድኩ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። መድኃኒቱ ካንሰሩን ብቻ መርጦ እንደማይመታ፣ በዚህ ላይ ከጨመርንበት በተራ ኢንፌክሽን ልትሞት እንደምትችል አስረዳኝ። በሳምንቱ ስንመለስ ቁጥሩ ተስተካክሎ ነበር። ሐኪሙ ልክ ነበረ። መርፌውን ሲሰጥም አይቸኩልም፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፣ ግሉኮስ አስሂዶ ያረጋግጣል። ከመርፌው በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን ያለ ጓንት እንዳንነካ፣ ሕፃናትም እንዳይጠጓት የነገረን እሱ ነው። አንድ ቀን አስታወካት፣ ሁለት ቀን ምግብ እምቢ አለች። ከዚያ በላይ አልታመመችም።

ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደሙ ቆመ። በአምስተኛው አበባ ጎመኑ ጨርሶ ጠፋ። የተዋጣው 12,430 ብር፣ የወጣው 10,280። የተረፈው 2,150 ብር ማምከኛዋ ነው፤ ለጥቅምት ቀጠሮ ይዘናል። የመጨረሻው ደረሰኝ እስካሁን በራችን ላይ አለ፤ ዝናብ አደብዝዞታል እንጂ ይነበባል።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ በጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ አትሞክሩት። ገበያ ነው፤ አገሬው በሬውንም አህያውንም ይዞ ይመጣል፣ ውሻ ወረፋ አይደርሳትም።