ከሥራ የተሰናበተ የድርጅት ሪፒተር፦ ከ14 ወር በኋላ

ዕቃው ቤት የገባው ለሁለት ተሸክመነው ነው። አስቀምጠነው ወገባችንን ስንይዝ ጓደኛዬ «ይሄ ራዲዮ ነው ወይስ ካዝና?» አለኝ። አልተሳሳተም። ከክብደቱ ብዙው ሙቀት ማስወጫ አሉሚኒየም ነው። የዚያን ቀን የረገምኩት ክብደት ዛሬ በጣም የምወድለት ነገር ሆኗል።

ሳጥኑ ቀድሞ የአንድ ድርጅት መኪኖችን ሲያገናኝ የኖረ የቪኤችኤፍ ሪፒተር ነው። ድርጅቱ ወደ ዲጂታል ሲዞር እሱ ተነቅሎ መጋዘን ገባ። እኔ ደግሞ ከመጋዘን አውጥቼ ለ2 ሜትር የአማተር ባንድ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው የራዲዮ አፍቃሪዎች ለሚያወሩበት የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ አዘጋጀሁት። የአምራቹን ስም አልጠራም። ከታች ከማማርርባቸው ነገሮች ገሚሱ የቀድሞ ኑሮው ጠባሳ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ የኔ የእጅ ሥራ ነው። ስሙን ማንሳት በደል ይሆናል።

ሪፒተር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፦ ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚናገር ራዲዮ ነው። በ5 ዋት የእጅ ራዲዮ የሚያወራ ሰው ከኮረብታ ማዶ ላለ ጓደኛው የሚሰማው በእሱ በኩል ነው።

እዚህ ከመድረሴ በፊት በርካሹ ሞክሬ ነበር። ሁለት የመኪና ራዲዮዎችን ጀርባ ለጀርባ አያያዝኩ፤ አንዱ ይሰማል፣ አንዱ ይናገራል። በሦስተኛው ሳምንት የሚናገረው ተቃጠለ። የመኪና ራዲዮ ጥቂት ተናግሮ ብዙ እንዲያዳምጥ ነው የተሠራው። ሪፒተር ላይ ግን ሰዎች ወሬ ከያዙ ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ የለም። የድርጅት ቋሚ ጣቢያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኔው እስከ 100 ዋት ይችላል፤ እኔ የማሠራው በ40 ነው። ሰዓት ሙሉ ሲያስተላልፍ ቆይቶ ሙቀት ማስወጫውን በእጄ ስይዘው ለብ ከማለት አያልፍም። እነ ጂኢ ማስተር ቱ እና ሞቶሮላ ማይኮር በ1970ዎቹ ተሠርተው እስከ ዛሬ በአማተሮች እጅ ተራራ ላይ የሚሠሩት በዚህ ጥንካሬ ነው። እነሱ ግን ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ እሱን የሚወስን ክሪስታል ማስቀረጽ ይፈልጋሉ። የኔው በኮምፒውተር ነው የሚሞላው።

«በኮምፒውተር» ስል ደስ እንዳይላችሁ። ፕሮግራሙ የዶስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ዘመን ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ከራዲዮው ጋር አይግባቡም፤ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፣ ራዲዮው ይቀራል። እውነተኛ ሲሪያል ፖርት ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጌ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ሄደ። ያ ላፕቶፕ አሁን ሌላ ሥራ የለውም። ከራዲዮው ጋር አብሮ ጡረታ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሳጥኖች በሞዴል ቁጥራቸው ይለያያሉ። አንዱ ከ132 እስከ 154 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ ሌላው ከ150 እስከ 174። የአማተሩ ባንድ 145 አካባቢ ነው። ሁለተኛውን ገዝቶ ወደ ታች ማውረድ አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳምንት ታግላችሁ ፍሪኩዌንሲውን የሚፈጥረው ኦሲሌተር አልቆልፍ ይላል። የኔው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። እንዲያም ሆኖ ተቀባዩ ሲመጣ ደንቆሮ ነበር፤ መግቢያው ላይ ያሉት ማጣሪያዎች ለድሮው ፍሪኩዌንሲ ተስተካክለው ቀርተዋል። ወደ 145 ካወረድኳቸው በኋላ 0.25 ማይክሮቮልት ላይ 12 ዴሲቤል ሲናድ (ድምፁ ከጩኸቱ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚለካበት) ሰጠኝ። ከአዲስ ራዲዮ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። አስተላላፊውና ተቀባዩ የሚራራቁት በ600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው፤ የሚጠቀሙትም አንድ አንቴና ነው። አስተላላፊው በ40 ዋት ይጮኻል። ተቀባዩ በዚያው ሰዓት ሩብ ማይክሮቮልት መስማት አለበት። የሁለቱ ልዩነት በኃይል ሲሰላ 165 ዴሲቤል ያህል ነው፤ 32 ሚሊዮን ቢሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ጆሮህ ሥር መለከት እየተነፋ ከግቢው በር የሚያንሾካሹክ ሰው አድምጥ እንደማለት ነው። ይህን የሚያስታርቀው ዱፕሌክሰር ነው፤ አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚዘጋ የማጣሪያ ስብስብ።

የመጀመሪያው ዱፕሌክሰር የኔ ስህተት ነበር። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ቆንጆ። የድርጅት ዕቃ ስለሆነ ጥሩ ነው ብዬ ገዛሁት። ለካ እሱ የተሠራው 5 ሜጋኸርዝ ለሚራራቁ ፍሪኩዌንሲዎች ነው። ወደ 600 ኪሎኸርዝ ሳጠበው የሚያልፈውንም የሚዘጋውንም እኩል መዋጥ ጀመረ። አሁን መጽሐፍ ይደግፍልኛል፣ በዚያ ሥራው ምንም እንከን አይወጣለትም። በምትኩ ባለ ስድስት ካቪቲ፣ ማለትም ስድስት የማጣሪያ ቱቦ ያለው፣ አገኘሁ፤ እያንዳንዱ ቱቦ ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቱቦዎቹን የሚያገናኙት አጫጭር ኬብሎች ርዝመታቸው ተለክቶ የተቆረጠ ነው። ለውበት ብላችሁ እንዳትነኳቸው።

ናኖቪኤንኤ የምትባለውን ትንሽ መለኪያ የያዘ ሰው ሁሉ ዱፕሌክሰር መቃኘት የሚችል ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የሚያልፈውን ጎን በእሷ ቃኘሁት፣ ችግር አልነበረውም። የሚዘጋውን ጎን ግን 70 ዴሲቤል አካባቢ ስደርስ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነ። ብሎኑን ባዞር ባዞር ለውጥ የለም። ዱፕሌክሰሩ አይደለም የደከመው፤ መለኪያዋ ከዚያ በታች አታይም። ስለዚህ የሲግናል ጄኔሬተር (ልኩ የታወቀ ሲግናል የሚያወጣ መሣሪያ) ከአንድ ጫፍ፣ ራሱን ተቀባዩን ከሌላው ጫፍ አድርጌ በጆሮ ጨረስኩት። ሲግናሉን ጨምር፣ ብሎኑን አዙር፣ ድምፁ ሲጠፋ እንደገና ጨምር። ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ማለፊያው ላይ 1.5 ዴሲቤል ይበላብኛል፤ ከ40 ዋቱ አንቴና ኬብል የሚደርሰው 28 ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ይህ የጨዋታው ግብር ነው።

ሁለት ወር ሰላም ሆነ። ሦስተኛው ወር ላይ ሰዎች «ማለዳ ጥሩ ነው፣ ንፋስ ሲነሳ ይንኮሻኮሻል» ማለት ጀመሩ። አልሰማ ብዬ ቆየሁ። በኋላ ግን ራሴ መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ራቅ ያለ ሰው ሲናገር ድምፁ ኩሽ ኩሽ እያለ ይቆራረጣል፤ ቅርብ ያለው ሰው ላይ ምንም የለም።

እንዲህ ሲሆን ደካማ ሲግናል በማገናኛ አስርጋችሁ አስገቡና አስተላላፊውን አጥፉት። ንጹሕ ነው? አሁን አብሩት። ከቆሸሸ ራሱ እየጮኸ ራሱን እያደነቆረ ነው። የኔው ላይ ልዩነቱ 11 ዴሲቤል ሆነ። ያንን ያህል ሲደነቁር፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከነጭራሹ የለም ማለት ነው። ቀጥሎ አንቴናውን ንቀሉና በቦታው ደሚ ሎድ፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ አየር ሳይረጭ የሚውጥ የውሸት አንቴና፣ ሰኩ። ጩኸቱ ከቀጠለ ሌባው ቤት ውስጥ ነው፦ ዱፕሌክሰር፣ ኮኔክተር ወይም አጫጭር ኬብል። ከጠፋ ሌባው ውጭ ነው። የኔው በደሚ ሎድ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያኔ ሌባው ሁለት እንደሆነ መገመት ነበረብኝ። አልገመትኩም። ስድስት ሳምንት ያባከንኩት አንድ ብቻ ስለፈለግኩ ነው።

የቤት ውስጡ ሌባ ያፈርኩበት ነው። ከዱፕሌክሰሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ኬብል «ትንሽ ነው የሚያባክነው» ተብሎ ስለተመሰገነ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከውስጥ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል፣ በላዩ ላይ በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይጎነጎናል። አንድ ጊዜ ለሚናገር፣ አንድ ጊዜ ለሚሰማ ጣቢያ እንከን የለውም። ባንዴ ለሚናገርና ለሚሰማ ግን መርዝ ነው። ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ በተነካኩ ቁጥር ኃይል ባለበት ቦታ ጥቃቅን ጩኸት ይወልዳሉ። ኬብሉን በእጄ ጨበጥ አድርጌ ሳወዛውዝ ጩኸቱ ከእጄ ጋር አብሮ ዘፈነ። በብር የተለበጠ ድርብ ሽፋን ባለው አርጂ-214 ቀየርኩት። ኒኬል የተለበጡትን ኮኔክተሮችም አብሬ ሸኘኋቸው። ወደ ማማው የሚወጣው ሄሊያክስ፣ ሽፋኑ ወጥ መዳብ የሆነ ወፍራም ኬብል፣ ስለሆነ እሱን አልነካሁትም።

የውጭው ሌባ ደግሞ አንዲት የዛገች ብሎን ነበረች። የአንቴናው ምሰሶ ሁለት ቁራጭ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ዝገት ገብቷል። ዝገት በሁለት ብረት መሀል ሲቀመጥ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዳዮድ ይሠራል። የራሳችሁን ሲግናል ተቀብሎ ያልነበረ ነገር ቀላቅሎ መልሶ ይረጫል። ንፋስ ምሰሶውን ባወዛወዘ ቁጥር ይለዋወጣል። ፈታሁ፣ ፋቅሁ፣ አዲስ ብሎን አሰርኩ። 20 ደቂቃ! ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል በታች ወረደ፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

ሌላው ችግር ከዚህ ጋር ሲወዳደር ቀልድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስል ነበር። ድምፁን የወሰድኩት ከተቀባዩ ጥሬ መውጫ ነው፤ ያስገባሁት ደግሞ በማይክሮፎኑ በኩል፣ ቀጭኑ ድምፅ እንደገና በሚጎላበት ቦታ። ጥሬ ከወሰዳችሁ በጥሬ መግቢያ አስገቡ። በስድስተኛው ወር ከድምፁ ሥር ጉርምርምታ መጣ፤ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ነበር። በዚያ ዕድሜ ይህ ሕመም ሳይሆን እርጅና ነው። ሳጥኑን በገዛችሁ ዕለት ሁሉንም ቀይሯቸው፣ እንደኔ ምልክት አትጠብቁ።

መቆጣጠሪያውን ከትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ራሴ ሠራሁት። የጥሪ ስሙን በሞርስ ይጠራል፣ ሰው ከሦስት ደቂቃ በላይ ከለፈለፈ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ላይ ግን ራሱም ይለፈልፍ ነበር፤ አስተላላፊው አንዴ ከበራ ጉልበቱ ወደ መቆጣጠሪያው ሽቦ ይገባና አይጠፋም። በየመግቢያው 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና በሽቦው ላይ ፌራይት ቀለበት ሳደርግ አረፈ። የመክፈቻ ቶን፣ ማለትም ከንግግሩ ሥር ተልኮ ሪፒተሩን የሚከፍት ዝቅተኛ ድምፅ፣ ካላስገባችሁም የጎረቤት ርካሽ ቻርጀር ሌሊት ሪፒተሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ታድራላችሁ። እኔ 88.5 ኸርዝ አደረግኩ፣ እንቅልፍ ተኛሁ።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ያለማመንታት። በ14 ወር ውስጥ ራዲዮው ራሱ፣ ማለትም አስተላላፊውና ተቀባዩ፣ አንድ ቀን አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ በዙሪያቸው ያለው ነው። ግን የሲግናል ጄኔሬተር የሌለውና የሚያውሰውም የሌለው ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ። በቴስተርና በተስፋ ብቻ ዱፕሌክሰር አይቃኝም። ፈቃዱንና የፍሪኩዌንሲ ድልድሉንም አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሳጥኑን ገዝቶ ፍሪኩዌንሲ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ባለፈው ወር የማቀዝቀዣው ፋን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለመለዋወጫ ይሆነኛል ብዬ ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ሳጥን ገዛሁ። በፎቶ አይቼ፣ በችኮላ። እንደገና ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። ጓደኛዬ ነው ጀርባውን ዞር አድርጎ ወረቀቷን ጮክ ብሎ ያነበበልኝ፦ «ከ150 እስከ 174።» ፋኑ ግን ልክ ገጥሟል።