የዓባይ በረሃ መንገድ ሲዘጋ፦ ስለ አንድ የአገር አቋራጭ አውቶብስ አገልግሎት

ባለፈው ነሐሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ትኬት ቆርጬ በዋዜማው ማታ የአውቶብስ ድርጅቱ ሠራተኛ ደወለችልኝና በዓባይ በረሃ ናዳ ወርዶ መንገዱን እንደዘጋው ነገረችኝ። ድርጅቱን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ለዚህ ስልክ ነው።

ጎጃም የባቡር ሐዲድ የለውም። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገደኛ አብዛኛው የሚያልፈው በጎሃ ፅዮንና በደጀን መካከል ባለው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ገደሉም ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃ ሲጠግብ የሚንሸራተት ሸክላማ አፈር ስላለው ክረምት በገባ ቁጥር ያሰጋል። በነቀምት አድርጎ ቡሬ የሚወጣው ተለዋጭ መንገድ የሚገነጠለው ገና ከአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ጎሃ ፅዮን ደርሶ ወሬውን የሰማ ሰው 185 ኪሎ ሜትር ያህል ካልተመለሰ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ካቻምና በሌላ መኪና ስጓዝ የደረሰብኝም ይኸው ነበር፤ ሾፌሩም ረዳቱም አንዳች ሳይነግሩን ጎሃ ፅዮን ላይ መኪና ውስጥ አደርን።

በነሐሴ የደወለችልኝ ሠራተኛ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ መውረጃዬን ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር የሚወርዱት በነቀምት እንዲዞሩ፣ የደጀንና የማርቆስ ሰዎች ደግሞ እስከ ናዳው ሄደን ከማዶ ወደሚጠብቀን አውቶብስ እንድንሸጋገር መወሰኑን፣ መሄድ ያልፈለገም ገንዘቡ እንደሚመለስለት አስረዳችኝ። ለማርቆስ ሰው በነቀምት መዞር ማለት ቡሬ ከደረሱ በኋላ እንደገና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መውረድ ስለሆነ፣ ሁሉንም በአንድ መኪና ጭኖ ከማዞር ይህ አከፋፈል እጅግ የተሻለ ነው።

ሽግግሩ በራሱ ግን በቂ ዝግጅት አልነበረውም። ጭቃውን በእግር ለማለፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ በዚያ በረሃ ሙቀት የመጠጥ ውኃ አልቀረበም፣ ተሸካሚም አልተዘጋጀም፤ የአዛውንቶቹን ሻንጣ ያሻገሩት አብረውን የተሳፈሩ ወጣቶች ናቸው። በሻንጣዎቹ ላይ ቁጥር ስላልተለጠፈ ከማዶ ሲጫን ክርክር ተነሣ። ከማዶ የጠበቀን አውቶብስ ንጹሕ፣ ሾፌሩም ዳገቱን በእርጋታ የሚያወጣ ሰው ስለነበር ሳይመሽ ማርቆስ ገባን።

ብቻዬን ከሆንሁ በሚመጣው ክረምትም በዚሁ ድርጅት እሄዳለሁ። እናቴን ይዤ ከሆነ ግን መንገዱ እስኪጠረግ አዲስ አበባ ብንቆይ እመርጣለሁ።